የአኳኋን ሜዳና የእኛ ደረጃ

አባቴ ከኩላሊት እጥበት ጋር እስኪተዋወቁ ድረስ ደረጃችን ደረጃ ብቻ ነበር። እስራኤል አገር፣ ክፋር ብራንዳይስ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው፤ ሊፍት የለውም። አባቴ የቤተ እስራኤል ቄስ ናቸው። ወደዚህ ስንመጣ በሱዳን መንገድ ተሰብሮ ሳይታሽ የዳነው ቀኝ እግራቸው ቀጥ እንዳለ ቀረ፤ አይታጠፍም። ቢሆንም እስካምና ድረስ ከዘራቸውን ይዘው፣ እግራቸውን እየወረወሩ ይወርዱ ነበር። ዘንድሮ ግን መቆምም አቃታቸው።

ሐኪሟ አልሸሸገችኝም፤ እጥበቱ ከቀረ ብዙ አይቆዩም አለች። ስለዚህ መውረድ አለባቸው፤ ወርደውም መመለስ አለባቸው። ያለዚያ የሚቀረው ቤት አቮት ነው፤ የአዛውንቶች ማቆያ፣ ያውም ሌላ ከተማ፣ አንድ አማርኛ የሚናገር ሰው የሌለበት። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ «አልጋ ተገኝቷል፤ እስከ ሐሙስ ካልተቀበላችሁ ለሌላ ይሰጣል» ብላኛለች። እኔ ደግሞ አባቴን ለባዕድ ላልሰጥ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

ችግሩ የደረጃው መዞሪያ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ሲቀመጡ ያች እግር እንደ ሞፈር ወደ ፊት ትዘረጋለች። ወንበሩ ሊዞር ሲል እግራቸው ግድግዳውን ይመታል። የአምቡላንሱ ሰዎች መጥተው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ትንሽ እንኳ ማጠፍ አይችሉም?» አለ አንዱ።

«ልጄ፣» አሉት አባቴ፣ «ቢታጠፍማ ኖሮ አንተን ምን ያለፋሃል?»

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሮቦት ትማራለች። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ፊደልም የቆጠርሁት እዚሁ፣ ልጆች ከወለድሁ በኋላ ነው። ነገር ግን ኢንዱስትሪው ሰፈር ዕቃ ሳሽግ የስልኬን ማዳመጫ በጆሮዬ ሰክቼ የማልሰማው ትምህርት የለም። ያን ቀን ልጄ ኮምፒውተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እኔን «ኢማ»፣ አያቷን «ሳባ» እያለች ነው ያደገችው።

«ኢማ፣ ሳባን እንደ ሰው አታስቢው። እንደ ነጥብ አስቢው።»

«አባቴን? ቄሱን?»

«ረጋ! ቆዪ፣ አስጨርሺኝ።»

አስጨረስኋት። ወንበሩ የት እንዳለ፣ ወዴት እንደዞረ፣ ምን ያህል እንዳጋደለ፣ ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ ነጥብ ይሆናል አለችኝ። ሊሆኑ የሚችሉት አኳኋኖች ሁሉ ሲሰበሰቡ ሰፊ ሜዳ ናቸው። ወንበሩ ግድግዳ የሚነካበት ቦታ ጥቁር ነው፤ የማይነካበት ነጭ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ የላይኛው ነጭ ከታችኛው ነጭ ጋር ይገናኛል ወይ? በዕብራይስጥ ስም አለው፤ እኔ ግን «የአኳኋን ሜዳ» ብዬ ለራሴ ተረጎምሁት። ይህንኑ ሜዳ ሌላ ቦታም ሰምቼው ነበር። የፊዚክስ ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ያለውን አየር፣ ቅንጣቱን ሁሉ፣ በአንዲት ነጥብ ያስቀምጡታል። የኬሚስትሪ ሰዎች ደግሞ ፕሮቲን እንደ ክር ስንት ዓይነት እንደሚጠቀለል ይፈልጉበታል። እኛ የአባቴን እግር ፈለግንበት።

ልጄ ደረጃውን ለካች፤ ወንበሩን ለካች፤ አያቷንም እያሳቀች ለካች። ረቡዕ ጠዋት ከክፍሏ እየጮኸች ወጣች።

«አለ! ኢማ፣ መንገድ አለ!»

ሁለቱ ነጮች ፀጉር በምታህል ክር ተገናኝተዋል። መዞሪያው ላይ ወንበሩ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ እግሩ ከደረጃው መደገፊያ ብረት በላይ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ይዞራል። አቅፌያት አለቀስሁ።

ሐሙስ ጠዋት ወንድሜ ከላይ፣ ሩሲያዊው ጎረቤታችን ከታች ሆነው ያዟቸው። አባቴ ጣሪያውን እያዩ፣ እግራቸው ከመደገፊያው በላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ የአንደኛ ፎቋ ሴት በሯን ከፍታ ብቅ አለች።

«አባ! ይባርኩኝ!» ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ተንጠራራች።

«እትዬ፣ መጀመሪያ እናውርዳቸው!» ጮኸ ወንድሜ።

«እግዚአብሔር ይባርክሽ፣» አሉ አባቴ ከተጋደሙበት፣ «አሁን ከእግሬ ሥር ዞር በይ፣ ይጥሉኝና እመታሻለሁ።»

ወረዱ። ሩሲያዊው ሳይቀር አጨበጨበ።

ከሰዓት በኋላ አምቡላንሱ መለሳቸው። እጥበቱ አድክሟቸው ነበር፤ አንገታቸው አልቆምላቸው ይላል። ወንድሜም ከሥራ ነው የመጣው። መጀመሪያው መዞሪያ ደረሱ፤ ወንበሩን ማጋደም ጀመሩ። የወንድሜ ክንድ ሲዝል ይታየኛል። ከዚያ ወንበሩ ተንሸራተተ፤ የአባቴ እግር ከመደገፊያው ብረቶች መካከል ገባ። ያን ጩኸት በሱዳን መንገድ እንኳ አልሰማሁትም።

«አውርዱኝ፣» አሉ። «አውርዱኝ፣ ልጆቼ።»

አወረዷቸው። ልጄ ከታች ቆማ ስልኳን እያሳየች ትጮኻለች። «ያው መንገድ ነው እኮ! ወደ ኋላ ብቻ ነው!»

«ክብደታቸውስ?» አልኋት።

«ክብደት እዚህ ውስጥ የለም።»

«የት ነው ያለው ታዲያ?»

«ሌላ ሜዳ ነው፣ ኢማ። ፍጥነትም ኃይልም የሚጨመርበት...» አልጨረሰችውም።

ደረጃው ላይ ቁጭ አልሁ። የተቀቀለ እንቁላል ትዝ አለኝ። በአንድ ትምህርት እንደሰማሁት፣ ሙቀት ፕሮቲኑን ፈትቶ ያወሳስበዋል። የመወሳሰቢያው ዓይነት ስፍር የለውም፤ እንደ ጥሬው መሆኛው ግን ጥቂት ነው። መመለስን የከለከለው ግድግዳ የለም። ግን ተመልሶ ጥሬ የሆነ እንቁላል ማን አይቷል? ይህን ማወቄ ምን ጠቀመኝ? አባቴ መግቢያው ላይ ካሉት የፖስታ ሳጥኖች ሥር ብርድ እየመታቸው ነው።

«እንደገና ሞክር፣ በናትህ፣» አልሁት ወንድሜን። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ቀና አላለም።

«የማኅበራዊ ጉዳይዋን ሴትዮ እሺ በያት፣» አሉኝ አባቴ።

«አባ፣ እዚያ ማን ያውቅዎታል? ከማን ጋር ይጸልያሉ?»

«እዚህ ደረጃ ላይ ልሙትልሽ?»

ደወልሁላት። «ቤሴዴር፣ እሺ» አልሁ። አምቡላንሱ ዕቃቸውን እስካወርድ ሊጠብቅ ተስማማ።

ብቻዬን ወጣሁ። ነጠላቸውን፣ የጸሎት መጽሐፋቸውን፣ ከዘራቸውን ሰበሰብሁ። አባቴ ሌላ ሰው በተኛበት ፍራሽ አይተኙም፤ ንጽሕናቸውን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ስለዚህ የራሳቸውን ፍራሽ በጀርባዬ አዘልሁ። መዞሪያው ላይ ስደርስ ጫፉ ግድግዳውን ነካ። ከመካከሉ ተጫንሁት፤ ታጠፈልኝ፤ ወረደ።