ከአፈሙዙ በላይ የቀረው ቀይ ምልክት

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ሜልበርን በገባሁ በአራተኛው ዓመት ነው። የተጎዳ ሰው የለም። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልጠፋው፣ አንድ ሽማግሌ ላለማስከፋት ብዬ ፊቴን ላጣ ምን ያህል ተቃርቤ እንደነበር ስለማውቅ ነው።

የምንኖረው ፍሌሚንግተን፣ ከመንግሥት ፎቆች በአንዱ ነበር። የምሠራው ዌሪቢ፣ አንድ የአትክልት ማሸጊያ ውስጥ ነው። እዚያ ከጎኔ ቆመው የሚሠሩ ሌን የሚባሉ አውስትራሊያዊ ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል። እንደ አገሩ ልማድ በስማቸው ብቻ እጠራቸዋለሁ፤ በልቤ ግን ሁሌም አንቱ ነበሩ።

ሌን በአፈሙዙ ባሩድና እርሳስ የሚጎርስ፣ የድሮ ዓይነት ጠመንጃ ነበራቸው። አይናቸው እየደከመ ሲሄድ ማነጣጠሪያው አልታይ ስላላቸው ማጉያ መነጽር አስገጠሙለት። መነጽሩ ግን ጥይቱ ከሚያርፍበት ቦታ ጋር እስኪስማማ ተደጋግሞ መተኮስና መስተካከል አለበት። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ አገር ቤት ወታደር እንደነበርኩ ያውቁ ስለነበር፣ አንድ ዓርብ በሻይ እረፍት ላይ፣ «ነገ ቅዳሜ መጥተህ ብትተኩስልኝ?» አሉኝ።

ለባለቤቴ ስነግራት፣ «ጠመንጃ ለመንካት ነው እዚህ ድረስ የመጣነው?» አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሄድኩ።

የተኩስ ሜዳው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። በሩ ላይ ስሜን በእንግዳ መዝገብ ጻፍኩ። ሌን ያጎርሳሉ፣ እኔ ጠመንጃውን አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ አስደግፌ እተኩሳለሁ። ጭሱ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥይቶች ከመሃሉ በታችና በግራ አረፉ። ሌን የመነጽሩን ብሎን ትንሽ ትንሽ አዞሩ። ቀጣዮቹ ሦስቱ ቀረቡ።

ማጎረስ ቀላል አይደለም። የተለካ ባሩድ ይፈሳል፣ ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለ የእርሳስ ድብልብል ይገባል፣ በረጅም ዘንግ እስከ ታች ይገፋል። ዘንጉ ላይ ቀይ ምልክት አለ። ጠመንጃው በትክክል ከጎረሰ ምልክቱ ከአፈሙዙ ጋር እኩል ይሆናል። ይህን ጠዋት ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው።

ለሰባተኛው ተኩስ ስንዘጋጅ ፊሽካ ተነፋ። ሁሉም መሣሪያውን አስቀምጦ ኢላማውን ሊያይ ሄደ። ሌን መንገድ ላይ አንድ ወዳጃቸውን አግኝተው ስለ እግር ኳስ ብዙ አወሩ። ስንመለስ ባሩድ ለኩ፣ እርሳስ ከተቱ፣ በዘንጉ ገፉ። ቀዩ ምልክት ከአፈሙዙ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቀረ። እሳቸው አላዩትም። ዘንጉን መዘዙ፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን ትንሽ የመዳብ ቆብ ገጠሙና ጠመንጃውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

እኔ አይቻለሁ። ከፊሽካው በፊት አጉርሰው እንደነበር ግን እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ያን ጊዜ ኢላማውን እያየሁ ነበር። እንግዳ ነኝ። እሳቸው ደግሞ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሙያውም የእሳቸው ነው። ስለዚህ ተቀመጥኩ። ጉንጬን ሰደፉ ላይ አደረግኩ። በመነጽሩ ውስጥ ኢላማው ጥርት ብሎ ታየኝ። ጣቴ ምላጩ ላይ ነበር።

ከዚያ ቀና አልኩ።

«ሌን፣ ዘንጉ ሙሉ በሙሉ አልገባም መሰለኝ» አልኩ።

«ገብቷል» አሉ።

«ምልክቱ ከላይ ቀርቷል።»

ፊታቸው ቀላ። «ይህን ሥራ አንተ ሳትወለድ ጀምሬዋለሁ። ከፈራህ ስጠኝ፣ እኔ እተኩሰዋለሁ።»

እጃቸውን ዘረጉ። አልሰጠኋቸውም። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳደረግኩ የመዳብ ቆቧን በጥፍሬ አነሳኋትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። «አንድ ጊዜ ብቻ ይለኩት፣ ከተሳሳትኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አልኩ። በአጠገባችን ያሉት ዞር ብለው ማየት ጀመሩ።

ሌን በንዴት ዘንጉን አስገቡ። ምልክቱን በአይናቸው ሳይሆን በአውራ ጣታቸው ፈለጉት። ጣታቸው ከአፈሙዙ በላይ አገኘውና እዚያው ቆመ። ከዚያ ወንበሩን ስበው ተቀመጡ።

የሜዳውን ኃላፊ የጠሩት ራሳቸው ናቸው። ኃላፊዋ ሴት ነበረች። ባሩዱን በውሃ አራሰችው፣ በዘንጉ ጫፍ ላይ ብሎን ገጥማ አንዱን እርሳስ ስባ አወጣች፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው። ያ ጠመንጃ በእጥፍ ጎርሶ ነበር። ብተኩሰው ኖሮ ብረቱ ሊፈነዳ እንደሚችል ነገረችን። «ማን አስተዋለው?» ስትል ሌን ወደ እኔ አመለከቱ። «እሱ ነው። እኔ ደግሞ ሰደብኩት» አሏት።

ወደ ከተማ ስንመለስ የመኪናውን ሬዲዮ ከፈቱና አይናቸውን ከመንገዱ አላነሱም። የተቀየሙኝ መሰለኝ። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ግን ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገሩ፣ ስድቡንም ሳይደብቁ። ከወር በኋላ ሜዳው ተመልሰን መነጽሩን አስተካከልን። ያን ቀን ዘንጉን በገፉ ቁጥር «ገብቷል?» ይሉኝ ነበር፣ እኔም ጎንበስ ብዬ አይቼ «ገብቷል» እላለሁ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ጥይቶች መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ አረፉ።

ጠመንጃው ብዙም አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ምልክቱን አይቼ መቀመጤ፣ ጉንጬን ማስጠጋቴ ነው። ዛሬ ሐኪሙንም፣ አለቃዬንም፣ የአውቶቡስ ሾፌሩንም ሳይቀር ያልገባኝን እጠይቃለሁ። ልጆቼ ያፍራሉ፤ «ዳድ፣ ፕሊስ» ይሉኛል። ይበሉኝ።