የሰው ማጀት ውስጥ ነው የቆምሽው

«አንቺ ልጅ! የሰው ማጀት ውስጥ ነው እኮ የቆምሽው!»

ዞር አልኩ። ማጀት የለም። ቤትም የለም። ሣር ነው... የላሊበላ የከሰዓት ፀሐይ፣ አንድ ሁለት የወይራ ዛፍ፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ አሮጊት። አቋራጭ መስሎኝ ሜዳውን እየሰነጠቅኩ ነበር።

የመጣሁት ቤት ፍለጋ ነው። ነርስ ነኝ፤ ከደሴ ወደ ላሊበላ ተዛውሬ፣ ባሌና ሁለት ልጆቼ ቤት እስካገኝ እዚያው ቀርተዋል። ባሌ በየሰዓቱ እየደወለ «ውሃ አለው? መብራቱስ?» እያለ ያደርቀኛል። የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ትንሹ ልጄ አስም አለበት። ደሴ እያለን፣ ባሌ መስክ በወጣበት አንድ ሌሊት ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ሲልብኝ፣ ታቅፌው የጎረቤቱን በር ሁሉ አንኳኩቻለሁ። አንዱ ቤት በርቶ የነበረውን መብራት አጠፋብኝ። ልጄን እግዚአብሔር አተረፈልኝ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ቤት ሳይሆን ጎረቤት ነው የምከራየው ብዬ ማልኩ።

«ይቅርታ እማማ» ብዬ ወደ ጎን ልራመድ ስል...

«ኧረ በግድግዳ አይወጣም! በበሩ ነይ እንጂ!»

ተነሥተው እጄን ያዙኝ። ጥቂት ወሰድ አደረጉኝና፣ ምንም በሌለበት ቦታ ላይ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ጎንበስ አሉ... ከዚያ ቀና። ዞረው ጠበቁኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ ወጣሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ባላጎነብስ ግንባሬን የሚመታኝ ነው የመሰለኝ።

«ቤት ፈላጊ ነሽ መሰል።»

«አዎ እማማ። ግን ጎረቤቱ ነው የሚያሳስበኝ።»

«አበጀሽ! ቤትማ ደንጊያ ነው። ነይ ጎረቤት ላሳይሽ።»

አሳዩኝ። ሣሩ ላይ ጥግ ጥጉን እየታጠፉ፣ አንዳንድ ቦታ «ቀስ፣ ደረጃ ነው» እያሉ። «ይቺ የስንቄ ቤት ናት። ምጥ ሲመጣ ከባል ቀድማ የምትደርስ እሷ ናት። ያ ደግሞ የመሪጌታ ነው።» ጣታቸው የሚያመለክተው ሣሩን ነው። እኚህ ሰው ነካ ያደርጋቸዋል ብዬ ልሰናበታቸው ነበር... አፌ ግን የሆዴን ጠየቀ።

«እማማ፣ ሌሊት ልጅ ቢታመምብኝ በር የሚከፍትልኝ አለ?»

ቅር ያላቸው መሰለኝ። ወደ ባዶው ሜዳ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«መሪጌታ! እንግዳ ልጅ መጥታ፣ ሌሊት ባንኳኳ ይከፈትልኛል ወይ ትላለች!»

ጌታዬ፣ እባክህ ማንም እንዳይመልስ... እያልኩ ነበር።

«ማን ዘግቶት ያውቃል!»

የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ከወይራው ወዲያ። ቀጥሎ የሴት ድምፅ፤ «የኔንም በር ንገሪያት እንጂ!»

ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት። ስመጣ፣ ደክሟቸው ያረፉ ተሳላሚዎች ናቸው ብዬ ያለፍኳቸው ሰዎች... ማንም ከማንም ጋር አልተቀመጠም። እያንዳንዱ ለብቻው፣ በመደዳ፣ መሀላቸው መንገድ የሚያህል ክፍት ትተው። ሁሉም በየደጃፉ ፀሐይ እንደሚሞቅ ሰው ነው የተቀመጠው። የሌለው ቤቱ ብቻ ነው።

ደህና ይዋሉ እንኳ ሳልል ሮጥኩ። በበር ልውጣ በግድግዳ እኔ አላውቅም።

ከሜዳው ማዶ ባጃጅ ውስጥ የሚጠብቀኝ ደላላ ሲሰማ ሳቀብኝ። «እነሱማ የድሮው ሰፈር ሰዎች ናቸው። ለአብያተ ክርስቲያናቱ ሲባል ቤታቸው ተነሥቶ ዳገቱ ላይ አሰፈሯቸው። በጾም ቅዳሴ ከሰዓት ሲወጣ፣ ቤታቸው አረፍ ሳይሉ ወደ ላይ አይወጡም።»

«አሁን የሚኖሩት የት ነው?»

«አዲሱ ሰፈር። ለአንቺ ግን አይሆንም፤ ውሃው ይጠፋል፣ ዳገቱም ያደክማል። ሆቴሎቹ ጋ አንድ ጥሩ ግቢ...»

«እነሱ ጋ ውሰደኝ» አልኩት።

ባሌ በስልክ ጮኸብኝ። «ጎረቤት አግኝቻለሁ» ብቻ አልኩት። የት እንዳገኘኋቸው ለመናገር ፈራሁ።

ባሌና ልጆቼ መጥተው ፋሲካን አዲሱ ሰፈር ዋልን። እማማ ከአጥራችን ወዲያ ሆኑ፤ ስንቄ ከእሳቸው ቀጥሎ፣ መሪጌታ ከስንቄ ቀጥሎ። ልክ ሣሩ ላይ እንደነበሩት። መጀመሪያ ነገሩን ያስተዋለችው ትልቋ ልጄ ናት።

«እማዬ፣ እዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ በር ሲገባ ለምን ያጎነብሳል?»

እውነቷን ነው። የአዲሱ ሰፈር በሮች የብረት ናቸው፤ ረጅም ሰው ባርኔጣ አድርጎ ያልፍባቸዋል። እማማ ግን እኛ ቤት ሲመጡ አንገታቸውን ሰብረው ነው የሚገቡት። መሪጌታም እንደዚያው። እዚሁ የተወለዱት፣ የድሮውን ቤት በዓይናቸው ያላዩት ሕፃናት እንኳ... ጎንበስ፣ ቀና።

ባለፈው ሳምንት ባሌ መስክ ወጥቶ ዝናቡ ጣለ፤ ብርዱ የልጄን ደረት ያዘው። መብራት የለም። መድኃኒቱ ትንፋሹን አልመልስለት አለ። ያ የደሴው ፍርሃት እንዳለ ተመለሰ። ታቅፌው ወጣሁ። የእማማን በር ልመታ እጄን ሳነሣ... ክፍት ነው። የስንቄም ክፍት ነው። የመሪጌታም። እስከ ዳገቱ ጫፍ፣ በመደዳ፣ ሁሉም በጨለማ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። እኔ ማንንም አልጠራሁም።

«ሳሉን ከምሽት ጀምሮ እየሰማን ነበር፣ ልጄ» አሉኝ እማማ። መሪጌታ ባጃጅ ሊያስነሡ ሄደዋል።

ጠዋት ልጄ ትንፋሹ ተመልሶለት፣ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ከሆስፒታል ቤታችን ደረስን። ከእማማ ጋር ያደረችው ትልቋ ልጄ ውስጥ ሆና ስገባ አየችኝ። ፊቷ ተለዋወጠ።

«እማዬ... አንቺም?»

ለካ ጎንበስ ብዬ ነው የገባሁት።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ግንባሬን ይመታኛላ!»