በሁዳዴ በራችን ላይ የተገኘው ሥጋ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ የጃናሞራ ሰው በካሚዮን እየተጫነ ለሰፈራ ከሄደ በኋላ በመጣው ሁዳዴ፣ እዚሁ ደባርቅ ላይ ነው። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን ባነሣሁት ቁጥር መጀመሪያ አፍራለሁ፣ ቀጥሎ ደስ ይለኛል።

ሰው ሲጫን ውሻ አልተጫነም። ባለቤቱን ተከትሎ እስከ ደባርቅ የመጣው ውሻ ሁሉ ካሚዮኖቹ ከተነሡበት ሜዳ ቀረ። አንዳንዱ ሳምንት ሙሉ ከዚያ ንቅንቅ አላለም፤ የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ብድግ ይላል። እኔ ያኔ ወፍጮ ቤት እሠራ ነበር፤ መንገዴ በዚያ ነውና ጠዋት ማታ ማየቱን አልቻልሁትም።

ጎረቤታችን እማሆይ ታየች ባዶ በረታቸውን ለቀቁልን። እሳቸው፣ እኔና ሁለት የሰፈር ሴቶች ሆነን ዐሥራ አንድ ውሻ ሰበሰብን። እኔ ከወፍጮ ቤት ጥራጊ ዱቄት አመጣለሁ፤ ሴቶቹ ከልኳንዳ አጥንት ይለምናሉ። «ሰው በሚራብበት አገር ውሻ ትቀልባላችሁ?» የሚለን ብዙ ነበር። እኛ ግን መቀለቡን አልተውንም።

በዚህ መሀል ያበደ ውሻ ሰው ነከሰና ቀበሌው መርዝ ያለበት ሥጋ በየመንገዱ መጣል ጀመረ። ሊቀ መንበሩ ከበረቱ ድረስ መጥቶ፣ «ከእነዚህ አንዱን ውጭ ካየሁት ሁሉንም ነው የማስጨርሳቸው!» አለን። የተናገረውን የሚተው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ልኳንዳው ተዘጋ፤ አጥንት የሚባል ነገር ጠፋ። በዱቄት ውኃ ብቻ ውሾቹ የጎን አጥንታቸው ተቆጠረ። ረኀቡ ሲጠናባቸው የበረቱን ግድግዳ ከሥሩ መቆፈር ያዙ። ቀን በድንጋይ እንደፍናለን፤ ሲያድር ሌላ ቀዳዳ እናገኛለን።

አንድ ማለዳ በበረቱ በር ላይ በጆንያ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ብፈታው ሥጋ ያልተለየው አጥንት! እማሆይን ጠራኋቸው። አማተቡ።

«በስመ አብ! በሁዳዴ ሥጋ የሚያድል ማን አለ? ሰይጣንና ቀበሌ ካልሆነ!» አሉና ወዲያው ግራ ቀኝ አይተው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

መርዝ ለመሆኑ ቅንጣት አልተጠራጠርንም። ውሾቹ አልወጣ ቢሉት ሊቀ መንበሩ እስከ በራችን ላከልን አልን። ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። ውሾቹ ሽታው ደርሷቸው ሲያለቅሱ እኔም አብሬ አለቀስሁ። በማግስቱ ሌላ ጥቅል መጣ፤ ቀበርን። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም፣ በአምስተኛውም ቀን እንዲሁ።

በስድስተኛው ቀን ደሜ ፈላ። እኔ ዱሮም ግልፍተኛ ነኝ። ገና ጎህ ሲቀድ ዱላ ይዤ ከበሩ ጀርባ ቆምሁ። ኮቴ ሰማሁ። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ጥቅሉን ሲያስቀምጥ ዘልዬ ወጣሁና፣ «ቁም፣ አንተ ነፍሰ ገዳይ!» ብዬ ዱላዬን አነሣሁ።

ሰውዬው ቀና ሲሉ ጋሽ ኑሩ ናቸው። ለደባርቅ እስላሞች ሥጋ የሚሸጡ፣ እህላቸውን እኛ ወፍጮ ቤት የሚያስፈጩ ሽማግሌ። ከሱብሂ ሶላት መመለሳቸው ነበር።

«ምን አጠፋሁ ልጄ?» አሉኝ።

«መርዙን ማን ሰጠዎት?»

«የምን መርዝ?» ግራ ገባቸው። «በጾማችሁ ሥጋ ይዤ በራችሁ ስመጣ ሰው አይቶ እንዳትታሙ ብዬ ነው በማለዳ የማስቀምጠው። ውሻ እንደሁ ጾም የለበት።»

ዱላው ከእጄ ወደቀ። እውነቴን ነው የምለው፣ ጋሽ ኑሩን ከልጅነቴ ጀምሮ ዐውቃቸዋለሁ፤ ግን ሁዳዴ ከገባ ዓለም ሁሉ የሚጾም ነበር የሚመስለኝ። አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላሉኝም።

«እስከ ዛሬ ያመጣሁትንስ ምን አደረጋችሁት?»

«ቀበርነው» አልሁ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

አዩኝና በሳቅ ፈረሱ። «ታዲያ ለቀብሩ ሳትጠሩኝ!»

እማሆይ ድምፃችንን ሰምተው ወጡ። ነገሩ ሲገባቸው እግራቸው ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ። ጋሽ ኑሩ ቶሎ ብለው በክንዳቸው ያዟቸው።

«ተዉ እማሆይ! እኔስ ብሆን በረመዳን በቀትር በሬ ላይ ምሳ ባገኝ አልጠረጥርም?»

ያን ለት ውሾቹ ጠገቡ። ቁፋሮውም ቆመ። እስከ ፋሲካ አንድም ውሻ ከበረቱ አልወጣም፤ ሊቀ መንበሩ በበሩ ሲያልፍ አጮልቆ እያየ መንገዱን ይቀጥላል። ዐሥራ አንዱም ተረፉ።

ዛሬ እኔም አርጅቻለሁ፤ ጋሽ ኑሩም ካረፉ ቆዩ፤ አፈሩ ይቅለላቸው። የሚሸጡትን ሥጋ ከአጥንቱ ጋር እያመጡ እኛ ስንቀብር መሰንበታችን ይቆጨኛል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ለደግነታቸው ዱላ የተነሣባቸው፣ በስተርጅና ነፍሰ ገዳይ የተባሉ ሰው ናቸው። በማግስቱ ቢቀሩ ማን ይፈርድባቸው ነበር? እኔ ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም። መጡ። እስከ ፋሲካም አንድ ቀን አልቀሩም።