ከዳንግላ በስልክ የመጡ ቁጥሮች

ከዚህ በፊት የራሴን ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። እዚህ የምጽፈው የሰው ማመልከቻ ነው፤ እሱንም ባለጉዳዩ እያነበበልኝ ፊደል በፊደል እለቅመዋለሁ። ይህ ግን ስለ እህቴ ስለሆነ የሚያነብልኝ አላስፈለገኝም።

እንጅባራ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያለው የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ቤት የተከፈተው በእህቴ ነው። ኪራዩን የሚከፍለው አጎታችን ነው። እኔን ከአዘና ወዲያ ካለው ቀበሌያችን ያመጣችኝም እሷ ናት። ሰው ሲገባ ከማሽኑ ጀርባ እደበቅ ነበር። «ይች ማሽን ባትኖር የት ትገቢ ነበር?» እያለች ትስቅብኛለች። በክረምት ጠዋት እጄ ሲደነዝዝ ከማሽኑ ትኩስ የወጣውን ወረቀት ጉንጬ ላይ ትለጥፍልኝ ነበር። አምና ዳንግላ ተዳረች። ወረቀቱ አሁንም ትኩስ ሆኖ ይወጣል፤ እኔ ግን ጉንጬ ላይ አላደርገውም።

ተማሪዎች ለጥናት እኛ ጋ ይመጣሉ። እህቴ ከመሄዷ በፊት መጥፎ ገጽ እንዳይከፈትባቸው በየኮምፒውተሩ ውስጥ የሆነ ቁጥር አስገብታ ነበር። ዲኤንኤስ ይባላል። ያኔ ምን እንደሆነ ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦ «ኮምፒውተር መንገድ አያውቅም፤ ስም ይዞ ይጠይቃል። ያገኘሽውን ባጃጅ ብትይዢ የትም ይወስድሻል። ይሄኛው ግን መጥፎ ቦታ አልሄድም የሚል ባለባጃጅ ነው።»

በቅርቡ ኮምፒውተሮቹ እየዘገዩ አስቸገሩ። ለኛ ከተማ ሰው ኮምፒውተር ቢያስነጥስ እንኳ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ አጎቴም «ፎርማት ይደረጉ!» አለና አስጭኖ ወሰዳቸው። ታጥበው እንደተሰጡ ነጠላዎች ንጹሕ ሆነው ተመለሱ። ከቆሻሻው ጋር እህቴ ያስገባችው ቁጥርም ታጥቦ መሄዱን ማናችንም አላሰብንም።

በማግስቱ አንዲት ተማሪ እናቷን አስከትላ መጣች። የፈተና ጥያቄ ስትፈልግ ድንገት የራቁት ሥዕል ስክሪኑን ሞላው። ልጅቷ ጮኸች። እናትየው በነጠላዋ ስክሪኑን ለመሸፈን እየሞከረች፣ «ልጄን ለትምህርት ነው የላክኋት! ይሄ ነው ትምህርቱ?» አለችኝ። እኔ ሮጬ ሶኬቱን ነቀልኩት።

ወሬው ከኔ ቀድሞ አጎቴ ጋ ደረሰ።

«እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ ይዘጋል» አለ። «አንቺም ወደ ቀበሌሽ ትመለሻለሽ።»

«እሺ አጎቴ፣ እንዳሉ» አልኩ። ቀበሌያችን ውስጥ ስልክ የሚሰማው ኮረብታ ወጥተው ነው፤ እሱም ሰማዩ ሲፈቅድ። እንጅባራ ሆኜ ግን የእህቴን ቁጥር ስጫን ድምፅዋን እሰማለሁ። እሷ ወዳለችበት ዳንግላ የሚሄደው ሚኒባስም በደጄ ነው የሚያልፈው። እንድመለስ ያላሰኘኝ ይሄ ነው።

ደወልኩ። አማቷ አነሱት።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? እህቴን ቢያገናኙኝ።»

«አራስ እኮ ናት! ጆሮዋን ብርድ ይግባው?»

«ኮምፒውተሩ...»

«አራስ ናት አልኩሽ እንጂ መካኒክ ናት አልኩሽ?»

ከወዲያ የእህቴ ሳቅ ተሰማኝ። «ይስጡኝ እማ፣ ጋቢ ደርቤ ነው የማወራት።»

ድምፅዋ በጋቢው ውስጥ ታፍኖ መጣ። ከታች በቀኝ በኩል ያለችውን የኔትወርክ ምልክት እንድጫን ነገረችኝ። እንግሊዝኛውን ቃል ማንበብ ሲያቅተኝ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠራሁላት፤ እሷ «ተይው፣ ቀጣዩን» ወይም «እሱ ነው፣ ክፈቺው» ትለኛለች። ከዚያ በነጥብ የተለያዩትን ቁጥሮች በቃሏ አስጻፈችኝ። ጨርሼ ስሞክር ኢንተርኔቱ ጭራሽ ጠፋ።

«እታለም፣ ገደልኩት!» አልኩና አለቀስኩ።

«የትኛው ረድፍ ላይ ጻፍሽው?»

«ላይኛው ላይ።»

«ወይ ጉዴ! እሱ የራሱ የኮምፒውተሩ አድራሻ ነው። ባለባጃጁን ከቤት አስገብተሽ ባለቤቱን አባረርሽው።» ልጇ ሲነጫነጭ እሱንም እኔንም ባንድ ላይ በአገውኛ አባበለችን። «የላይኛውን በራሱ እንዲሞላ መልሺው። ዲኤንኤስ የሚለው ከታች ነው።»

ከታች ጻፍኩ። የፈተና ጥያቄው ተከፈተ። ያን መጥፎ ገጽ ስሞክር፣ ነጭ ስክሪን ላይ ሊከፈት አልቻለም የሚል ጽሑፍ መጣ። ኮምፒውተር እምቢ ሲለኝ ደስ ያለኝ የዚያን ዕለት ብቻ ነው። «ሁሉንም አይከለክልም» አለችኝ፤ «አንቺም ከተማሪዎቹ ዓይንሽን አትንቀይ።» በሌሎቹ ኮምፒውተሮችም እሷ ሳትነግረኝ ደገምኩት። አጎቴ ቅዳሜ መጥቶ አየና ቁልፉን እኔው ጋ ትቶት ሄደ።

በስልክ ያስተካከልን ዕለት ግን ሥራው ካለቀ በኋላም ስልኩን አልዘጋሁም። እሷም አልዘጋችም። ናፍቀሽኛል ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልጁ ማንን ይመስላል? ሌሊት ያስተኛሻል? ብርዱስ? ይሄን ሁሉ መጠየቅ እችል ነበር። ያልኩት ግን «እንግዲህ ሌላ የተበላሸ ካለ እደውላለሁ» ነው።

ከዚያ ወዲህ የዳንግላ ኔትወርክ የለም። ጠዋት ሱቁን ስከፍት እደውላለሁ፤ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ትለኛለች፣ ያቺ የማላውቃት ሴት። ሚኒባሶቹም ከቆሙ ሰነበቱ። ተማሪዎቹ ግን እየመጡ ነው፤ ኮምፒውተሮቹም ደህና ናቸው። ያን ዕለት ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት አማቷ «በቃ እንጂ!» ሲሏት ሰማሁ፤ እህቴም በጋቢው ውስጥ ሆና ቶሎ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«ምንም ሳይበላሽም ደውይልኝ እንጂ፣ አንቺ ፈሪ።»