የተሰቀለው ካፖርት

ሮቤ ባለው ቤቴ ቁም ሳጥኑን ላራግፍ ስከፍት መጀመሪያ የተቀበለኝ የጥዱ ሽታ ነበር። እናቴ ከጎባ ያወረሰችኝ ይህ ቁም ሳጥን በዕድሜ ይበልጠኛል፤ በሩ ዛሬም ካላባበሉት አይዘጋም፣ ሽታው ግን ንቅንቅ አላለም።

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ እናቴ ኢድ ሲቃረብ ቁም ሳጥኑን ባዶ ታስቀረው ነበር። ዓመቱን ያልተለበሰ ሁሉ ለጎረቤት ወይም ከገሰራ ለሚመጡ ዘመዶቻችን ይሰጣል፤ የምወደውን ቀይ ሹራብ አንዴ ብተኛበት እንኳ ከሥሬ መዝዛ ለአክስቴ ልጅ አልብሳዋለች። ከዚያ ሁሉ ዘመቻ የሚተርፈው ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን የተወሰደው የታላቅ ወንድሜ የጀማል ካፖርት ብቻ ነበር። ታወርደዋለች፣ አቧራውን ታራግፋለች፣ ኪሱን ትዳብሳለች፣ መልሳ ትሰቅለዋለች። አታጥፈውም። ርቆ የሄደ ሰው ልብሱ ከታጠፈ አይመለስም ብላ ታምን ነበር።

የጀማል ወሬ ከጠፋ በኋላ በመጣው ኢድ አባቴ ጉሮሮውን ጠራርጎ ተናገረ።

«የጎባ ብርድ ሰው እየገረፈ ካፖርት ተሰቅሎ ይከርማል? ለአንዱ ስጪው።»

«ኒ ዱፋ» አለችው እናቴ፣ ይመጣል ማለቷ ነው፤ «ባለቤቱ ሲመጣ ራሱ ይሰጠዋል፣ ኢንሻአላህ።»

አባቴ ዳግም አላነሳውም። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን ገርበብ አድርጌ አያለሁ፤ ካፖርቱ ከተሰቀለ ጀማል አለ ማለት ነው።

መጣ። ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ግን በሁለት እግሩ ቆሞ። እናቴ እልልታዋን ሳትጨርስ ካፖርቱን አለበሰችው፤ ልጁ በረሃ ለበረሃ ቁመት ሲጨምር ከርሞ ኖሮ እጅጌው ከክርኑ ብዙም አላለፈ። አባቴ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ጀማልም በቀጣዩ ኢድ፣ እናቴ እንዳለችው፣ በገዛ እጁ ለጎረቤት ልጅ ሰጠው።

ዛሬ ልጄ የሚሰጠውን ልብስ ጆንያ ውስጥ ስትከት ቆይታ፣ መስቀያው ላይ የቀረውን ሰማያዊ ሹራብ አሳየችኝ።

«ይሄስ፣ እማ?»

የእናቴ ነው። ወደ አኼራ ከሄደች ጀምሮ ተሰቅሎ ነው የኖረው፤ አባቴም አልፏል፣ የጎባው ቤትም ሌላ ሰው ይኖርበታል። ናፈቀችኝ፣ በጣም ናፈቀችኝ፤ ያም ሆኖ ደስ የሚል ናፍቆት ነበር። ሹራቡን አወረድኩት፣ አቧራውን አራገፍኩ፣ ኪሱን ዳበስኩ፤ አንዲት የተምር ፍሬ አገኘሁ። ከዚያ እጅጌዎቹን አገናኝቼ፣ ቀስ ብዬ፣ አጠፍኩት።