ከልካይ ያጣ መድኃኒት

በእኛ አገር በሚካኤል ለት በሬ አይጠመድም። የተባይ መድኃኒት መርጨት ግን አፈር አይነካም፣ እርሻም አይባልም። ስለዚህ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ መርጫውን አዝሎ ባቄላው ውስጥ ይገባል። ንቦቼ በዓል አያውቁም፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል አበባው ላይ ናቸው።

አምና በጥቅምት ሚካኤል ጠበል ጠዲቅ ቀምሼ ቤቴ ስደርስ፣ ከቀፎዎቼ ሥር መሬቱ በሞቱ ንቦች ጠቁሯል። ከአባቴ ከወረስኳቸው አንድ ቀፎ ብቻ ተረፈኝ። መድኃኒቱን የረጩት፣ አጥር የሚያዋስኑኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቢሆኑ ኖሮ መጣላቱ ይቀለኝ ነበር።

የመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ በእንግሊዝኛ አበባ ላይ አይረጭ ይላል። እሱን ይዤ ቢቸና ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ባለሙያው በትሕትና አዳመጠኝና፣ የተገዛው ሞጣ ከሆነ ጉዳዩ የሞጣ ነው አለኝ። ሞጣ ስሄድ ደግሞ እኛ የምናየው ሱቁን ነው፣ አረጫጨቱን የሚቆጣጠረው የተረጨበት ወረዳ ነው አሉኝ። ታዲያ ሕጉ የማን ነው ብል፣ መድኃኒቱን የሚፈቅደው ፌዴራል፣ የሚያስፈጽመው ክልል፣ ክልሉም ለወረዳ ውክልና ሰጥቷል ተባልኩ። ወረዳው ማለት ቢቸና ነው። ዞሮ ዞሮ ከቤት እንዲሉ፣ የተነሳሁበት ወንበር ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ባለሙያው በጀት የለንም፣ ግንዛቤ እንፈጥራለን አለ። ተናደድኩ፤ ግን በማን ላይ?

ዘንድሮ በሚካኤል ዋዜማ ጎረቤቴ ራሳቸው መጡ። ነገ ሊረጩ ነውና ቀፎዬን እንድዘጋ ሊነግሩኝ ነው። አበባው እስኪረግፍ ይታገሡኝ ብዬ ለመንኳቸው። ክሽክሹ፣ ያ ጥቃቅን ተባይ፣ ባቄላውን እየጨረሰው ነው አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ አይቼዋለሁ። በመጨረሻ ሕግ ይከለክላል አልኳቸው።

"ማነው የሚከለክለኝ? ንገረኝና እተወዋለሁ።"

የምራቸውን ነው። ቆመው መልሴን ጠበቁ። ቢቸናም ሞጣም ደጅ የጠናሁት ሰውዬ ይከለክልዎታል ብዬ በስም የምጠራው አንድ ሰው አጣሁ።

በማግሥቱ የቀፎውን በር በእርጥብ ጨርቅ ደፍኜ ከቅዳሴ ቀረሁ። ረፋዱ ላይ ከአጥሩ ማዶ የመርጫው ድምፅ ጀመረ። ጆሮዬን ቀፎው ላይ ሳደርግ ንቦቹ መውጫ አጥተው ሲያጉረመርሙ ይሰማኛል። መድኃኒቱ አበባው ላይ ለቀናት ይቆያል። በሩን ግን ታፍነው እንዳያልቁ ነገ መክፈት አለብኝ።