ግድግዳችን ላይ የሾምኩት ጠቅላይ ሚኒስትር

ክረምት ገብቶ የጭቃ ግድግዳ ሲረጥብ የሚመጣው የዱቄት ሙጫና የአሮጌ ጋዜጣ ሽታ ዛሬም ድንገት አፍንጫዬን ሲነካኝ፣ ኮልፌ የነበረችው አንድ ክፍል ቤታችን ከነጨለማዋ ትመጣብኛለች። እናቴ ብርድ እንዳይገባብን ብላ፣ ጣሊያኖች የሚያሳትሙትን የአማርኛ ጋዜጣ ከገበያ መጠቅለያ እየለቀመች ግድግዳው ላይ ትለጥፍ ነበር። እኔ ማንበብ የተማርኩት ከዚያ ግድግዳ ነው። ፊደሉን አባቴ አስቆጥሮኝ ነበር፣ የቀረውን ግን ራሴ ተወጣሁት፤ መምህር ሳይቆነጥጠኝ፣ ዲያቆን ሳይገርፈኝ ተማርኩ፤ በሰፈሩ ውስጥ እንደ እኔ የሚያነብ ልጅ አልነበረም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው።

አባቴ ግንበኛ ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ በዚያው ዓመት፣ በክረምቱ መግቢያ፣ ጠመንጃውን ይዞ በመናገሻ በኩል ወደ አርበኞቹ ወጣ፣ ከዚያ በኋላም ወሬው ጠፋ። እናቴ ጎህ ሲቀድ እንጨት ለቅማ ለመሸጥ ስትሄድ በሩን ከውጭ ትቆልፍብኝ ነበር። የአርበኛ ልጅ መሆኔ ስለሚታወቅ ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን ወደ እኛ ደጅ አያስጠጉም ነበር፤ ሲጫወቱ ድምፃቸውን እየሰማሁ፣ ቀኑን ሙሉ ከግድግዳው ጋር ብቻዬን እውል ነበር።

ከመደቡ በላይ በተለጠፈው ጋዜጣ ላይ ባርኔጣ ያደረገ የአንድ እንግሊዛዊ ፎቶግራፍ ነበረ፣ ስሙን እርጥበት በልቶታል። ጽሑፉ ሰውየውን ይሰድበዋል፤ የጣሊያን መርከቦች ጦር ጭነው ወደ እኛ ሲመጡ የስዊዝ ቦይ ይዘጋባቸው ብሎ ነበርና፤ የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ግን አልሰማውም። ጠላት የሚሰድበው ሰው ወዳጅ መሆን አለበት ብዬ ፈረድኩ፣ በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ፍርድ ቀላል አይደለም። ያንን ጠቅላይ ሚኒስትር በጨዋታዬ ሻርኩና ባለባርኔጣውን ሾምኩ። ቦዩ ተዘጋ፣ መርከቦቹ ተመለሱ፣ ጦርነቱ ቀረ፣ አባቴም ከቤቱ አልወጣም።

እናቴ መጀመሪያ ስትሰማኝ ሳቀች፣ ኋላ ግን ራሷ ትጠይቀኝ ጀመር። አመሻሽ ላይ እግሯን እየታጠበች «ዛሬስ ባለባርኔጣው ምን አዘዘ?» ትለኝ ነበር።

«ቦዩ እንደተዘጋ ይቆይ አለ።»

«ቦዩንስ ይዝጋ፣ ጤፍም ይላክልን በለው። አባትህስ?»

«አስኮ ግንብ ሲሠራ ውሎ ዝናብ ይዞት ነው፤ ይመጣል።»

«ይምጣ እንግዲህ» ብላ እሳቱን ትቆሰቁስ ነበር።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ወልዴ መጣና ከጫካ የተመለሰ አንድ ሰው አባቴ በጥይት ሲወድቅ አይቻለሁ እንዳለው ለእናቴ ነገራት። «ተዝካሩ ይውጣለት እንጂ። ነፍሱ ስንቅ አጥታ እስከ መቼ ትንከራተት?»

«የቀበረው ሰው ይምጣና ያን ጊዜ፣ ጋሼ» አለችው። ተዝካር ከወጣ፣ ድግሱ ከተበላ፣ አባቴ በሰውም በእግዜርም ፊት ሞተ ማለት ነበር።

እኔም ከመደቡ ላይ ሆኜ፣ ባለባርኔጣው ቢሾም ኖሮ አባዬ አይሄድም ነበር አልኩት። ጋሼ ወልዴ ዞሮ አየኝ። «የእንግሊዝን ሹም የምትሾመው አንተ ነህ? በል መጀመሪያ ንፍጥህን ጥረግ።»

በጋውን በሙሉ እየተመላለሰ ለመናት፣ እርሷም እምቢ አለች። ዘመዶች «ድሃ ስለሆነች ሰስታ ነው» እያሉ ያሟት ነበር። እርሷ ግን ማታ ማታ ስለ እኔ እንግሊዝ መጠየቋን አልተወችም፣ እኔም አባቴን ከአስኮ ኮልፌ እያመላለስኩ አሠራው ነበር።

ቀጣዩ ክረምት ገባ። አንድ ቀን ስትበሰብስ ውላ መጣችና ሳትቀመጥ ጠየቀችኝ። «ሲገባ ምን ይለኛል?»

አፌን ከፈትኩ። የእጁን ኖራ፣ የጋቢውን ጠርዝ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ በሩን ማለፉን አስታወስኩ። ድምፁ ግን አልመጣልኝም። የሁሉ ነገር መልስ ያለኝ እኔ፣ የአባቴን ድምፅ ፈልጌ አጣሁት። እናቴ «ግድ የለም» ብላ ነጠላዋን ጨመቀች። በማግስቱ እንጨት ለቀማ አልሄደችም፣ ጋሼ ወልዴ ዘንድ ሄዳ ተዝካሩ ይውጣ አለችው።

መስከረም ላይ ትንሽ ዳስ ተጣለ። የጎረቤት ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ደጃችን መጥተው ሲበሉ እኔ ውስጥ ቀርቼ ነበር። እናቴ ጥቁር ለብሳ ገባችና ከጎኔ ተቀመጠች፣ ፎቶግራፉንም ቀና ብላ እያየች «እንግዲህ እሱም ይረፍ፣ ደክሞታል» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ አልጠየቀችኝም፤ በሩ ሲቆለፍብኝ ዝምታው ከድሮው የበለጠ ከበደኝ።

ኋላ እንግሊዞች እውነትም መሪ ለውጠው፣ ንጉሡን ይዘው ሲመጡ ሰፈሩ እልል አለ። የተሾመው የእኔ ሰው አልነበረም። ሌሎች ሴቶች ከአርበኞቹ መካከል ባሎቻቸውን ለማየት ወደ መንገዱ ሲሮጡ እናቴ እንጨቷን አሰረች።

ዛሬ በሬዲዮ የተማሩ ሰዎች ያኔ እንግሊዝን ሌላ ሰው ቢመራ ኖሮ እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ፤ ጎበዞች ናቸው፣ ከእኔ ግን ብዙ ዓመት ዘግይተዋል። ዛሬ ኮልፌ ውስጥ ሰው ሲሞት ሬሳው ሳይገነዝ ስልኩ ይጮኻል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ በማግስቱም ተቀብሮ ያድራል። ይህ ሳይሻል አይቀርም። የእኔ አባት ግን ከሞተ በኋላ አንድ በጋና አንድ ክረምት ከእኛ ጋር ኖሯል።